መጀመሪያ የትኛው ማዞር እንደሆነ እንጠይቅ፦ ስለ አኩፓንክቸር ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። አንዷ አክስቴ ናት። "ለእናትህ አንብብላት" ብላ ጨምራበታለች። ጽሑፉ የሚለው አኩፓንክቸር፣ ማለትም የቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ ማዞርን ከሥሩ ይነቅላል ነው።

ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰው አይመስሉኝም። ማዞር የያዘው ሰው እንዴት እንደሚሰቃይ በደንብ ያውቃሉ። ግድግዳ ተደግፎ ሽንት ቤት መሄዱን፣ ዓይን ለመግለጥ መፍራቱን፣ ሰው "ምንም አልሆንክም እኮ" ሲል የሚሰማውን ብስጭት አሳምረው ጽፈውታል። መደምደሚያቸው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚጎዳ ስህተት ስለሆነም ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ማዞር የሚመጣው ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ኃይል፣ ቻይናዎቹ ቺ የሚሉት፣ መንገዱ ሲዘጋ ነው፤ መርፌው ይከፍተዋል ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አጽድቆታል ይላሉ። ታይዋን ውስጥ በጥናት ተረጋግጧል ይላሉ። ከ2,000 ዓመት በላይ የኖረ ጥበብ እንደሆነ፣ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እንኳ ቻይና ውስጥ በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ይተርካሉ። ዘመናዊው ሕክምና የሚያስተኛ ኪኒን ከመስጠት ሌላ መላ የለውም ይላሉ። በመጨረሻም መርፌው ጉዳት ስለሌለው ቀድሞ እሱን መሞከር ምንም አያሳጣም ብለው ይመክራሉ። መሃል ላይ በሦስት ቀጠሮ ድና የሄደች ሴት ታሪክ አለ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቺ ልጀምር። ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ማዞር ምልክት ነው፤ እንደ ትኩሳት። ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ነው ብሎ የሚያክም ሐኪም ጋ ማንም ልጁን አይወስድም። ታይፎይድም ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምችም። ማዞርም እንደዚያው ብዙ ምንጭ አለው።

በብዛት የሚያጋጥመው ዓይነት ከጆሮ የሚመጣ ነው። ውስጠኛው ጆሯችን የሰውነት ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለው። እዚያ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ በጣም ደቃቅ ጠጠሮች ተጣብቀው ይኖራሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ግልጽ ምክንያት፣ ከቦታቸው ይላቀቁና ፈሳሽ ካለባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አንዱ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ወደ ኋለኛው ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው አልጋ ላይ ሲገላበጥ ወይም ከፍ ካለ መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፉታል፣ አንጎልም ሰውነቱ የሚሽከረከር ይመስለዋል። ቤቱ ይዞራል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይቆማል። ሐኪሞች በምሕጻረ ቃል ቢፒፒቪ ይሉታል።

ሌሎችም አሉ። ሜኒየር የሚባለው በሽታ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ያዞራል፤ ጆሮ ይጮኻል፣ መስማት ይቀንሳል። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ማዞሩ ለቀናት አይለቅም። ማይግሬንም ያዞራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ የአንጎል ምት፣ ስትሮክ የምንለው፣ አንዳንዴ በማዞር መጀመሩ ነው።

ታዲያ ቺ ተዘግቷል የሚለው ማብራሪያ ከእነዚህ የትኛውን ነው የሚነግረን? እናቴ በቀኝ ጎኗ ስትዞር ቤቱ ይሽከረከርባት ነበር፤ በግራ ስትዞር ምንም የላትም። ኃይል ወደ ጭንቅላት መሄዱን አቁሞ ከሆነ ግራና ቀኝን እንዴት ለየ? ለምን በ30 ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይከፈታል? የጠጠሮቹ ማብራሪያ ሁለቱንም ይመልሳል፦ የታመመው ጆሮ የቀኙ ነው፣ ጠጠሮቹ ሲረጉ ማዞሩ ይቆማል። ደግሞም ታይተዋል። በ1992 ካናዳ ውስጥ ያሉ ቀዶ ሐኪሞች ያንን ቱቦ ሲከፍቱ ቅንጣቶቹን ውስጡ እንዳገኙ ጽፈዋል። ቺን ግን እስካሁን ያየውም የለካውም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅትን ጉዳይ ቶሎ እንለፈው። እውነት ነው፣ በ2002 የወጣ የድርጅቱ ሰነድ አለ። በሽታዎችን በአራት መደብ ከፍሏቸዋል። ሜኒየር የተቀመጠው በሁለተኛው መደብ ነው። የመደቡ ትርጉም ውጤት ታይቷል፣ ግን ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚል ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ትተውታል። ሜኒየር ደግሞ ከማዞር ዓይነቶች አንዱ ነው እንጂ ማዞር ሁሉ አይደለም። ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልገዋል ማለትን አጽድቋል ብሎ መተርጎም ትክክል አይመስለኝም።

የታይዋኑ ጥናት ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ያቀረቡት ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው።

ጥናቱ አለ። በ2015 የታተመ ነው። ድንገተኛ ክፍል የመጡ 60 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን መርፌ ተወጋ። ለሌላው መርፌው ከሚወጋባቸው ነጥቦች ትንሽ ራቅ ብሎ የተክል ዘር ያለበት ማጣበቂያ ተለጠፈለት። ከ30 ደቂቃ በኋላም ከ7 ቀን በኋላም፣ የተወጉት ሰዎች ማዞራቸውን በቁጥር እንዲገምቱ ሲጠየቁ ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሶላቸው ነበር። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልጻፉት ቀሪውን ነው። ማዞሩ የዕለት ኑሮን ምን ያህል እንዳሰናከለ የሚለካ ሌላ መጠይቅም ተሞልቶ ነበር፤ መሄድን፣ ከቤት መውጣትን፣ ሥራ መሥራትን የሚጠይቅ። በእሱ ግን ከ7 ቀን በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን የሙከራ ጅምር ነው ያሉት። ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ወይም የአንጎል ችግር ያለባቸውን ሰዎች ገና ሲጀምሩ አስወጥተዋቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ መርፌው የተወጋው ሐኪም መርምሮ አደገኛውን ከለየ በኋላ ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት ግን ሳይመረመሩ መጀመሪያ መርፌ ነው። የጠቀሱት ጥናት ራሱ የእሳቸውን ምክር አልተከተለም።

ሌላም ነገር አለ። የተወጋ ሰው መወጋቱን ያውቃል። ማጣበቂያ የተለጠፈበትም እንዳልተወጋ ያውቃል። ይህ ለውጥ ያመጣል? ጀርመን ውስጥ በወገብ ሕመም ላይ የተደረገውንና በ2007 የታተመውን ትልቅ ጥናት ማየት ይጠቅማል። 1,162 ሰዎች ነበሩበት። በቻይናው ሥርዓት መሠረት ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሻላቸው። ትክክለኛ ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ ሳይጠልቅ፣ እንዲያው ለማስመሰል ከተወጉት ደግሞ 44.2 በመቶው። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶ ብቻ። መወጋቱ ከተለመደው ሕክምና በልጧል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን የት ተወጋህ የሚለው ለውጥ ካላመጣ የኃይል መንገዶቹ ካርታ ምን ሠራ? ጋደም ማለቱ፣ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሕመምህ ሲጨነቅልህ መዋሉ፣ ተስፋው፣ እነዚህ ለሕመም ስሜት ብዙ ይሠራሉ። ጠጠር ግን አያንቀሳቅሱም።

አንድ ነገር ላይ ግን ለጸሐፊው እውነቱን ልስጣቸው። ማዞር ሲነሳ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ መርፌው ያቀልላል ብለዋል፤ ሊሆን ይችላል። ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ያለው ነጥብ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማስመለስ በ59 ጥናቶች ተፈትሿል፣ ከ7,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል፣ ውጤቱም ደህና ነው። ያ ለማስመለስ ነው፤ የማዞሩ ምንጭ ግን እዚያው ነው ያለው።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። 2,000 ዓመት ስለኖረ ይሠራል የሚለው ክርክር እኛ አገር ሰው ላይ መሥራት አልነበረበትም። እንጥል ማስቆረጥ ስንት ዘመን ኖረ? የሕፃን ግግ ማውጣትስ? አያቶቻችን በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ልጁ እንዲድን ብለው። ስንት ሕፃን ደም ፈሶት፣ ስንቱ ቁስሉ አመርቅዞ እንደሞተ ግን የጤና ባለሙያዎቻችን ያውቁታል። ረጅም ዕድሜ ሰዎች አንድን ነገር እንዳመኑት ይነግረናል እንጂ መሥራቱን አይነግረንም። ቻይናም ውስጥ ቢሆን በ1822 ንጉሠ ነገሥቱ አኩፓንክቸርን ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም አስወጥተውት ነበር። ያልተቋረጠ ክብር ነበረው ማለት አይቻልም።

ይህን ስል የቻይናን ሕክምና ንቄ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ውስጥ ዛሬም ይሠራሉ፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ወባ የያዘው ሁሉ የሚያውቀው ኮአርተምም ከዚያው ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው የተነሳው። ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት ከ1,600 ዓመት በፊት ከተጻፈ የቅጠል መድኃኒት ተነስተው የኮአርተም መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒንን አወጡ፤ በ2015 ኖቤል ተሸለሙበት። ግን ምን አደረጉ? ቅጠሉን ፈተኑት። የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለዩት። ወባው ከደም መጥፋቱ ታየ። አገራችንም ኮአርተምን በ2004 ዋናው የወባ መድኃኒት ያደረገችው ስለተፈተነ ነው። ለመርፌውም የምጠይቀው ይህንኑ ፈተና ነው።

የጋዜጠኛው ታሪክ ደግሞ በትክክል አልተነገረም። ሰውየው የኒውዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን ናቸው። በ1971 ቤጂንግ ላይ ትርፍ አንጀታቸው ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሲቀደዱ የደነዘዙት በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው፤ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። መርፌ የተወጉት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሆዳቸውን ነፍቶ ሲያስጨንቃቸው ነው። ቀለለኝም ብለዋል። ታሪኩ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በመርፌ ብቻ ተቀደደ ሆኖ አረፈ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ዘመናዊው ሕክምና ከኪኒን ሌላ መላ የለውም የሚለው።

ግማሹ እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል "ቤቱ ዞረብኝ ልጄ" ብላ ጮኸች። አስመለሳት። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ደም ግፊት ነው ተባለ፣ ኪኒን ተሰጣት። አልሆነም። ሌላ ቦታ ደም ማነስ ነው አሉን። ሦስተኛው ዘንድ የአንገት አጥንት ነው ተብሎ የአንገት መደገፊያ ታሠረላት። በሦስቱም ቦታ ቀኝሽ ነው ግራሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ መርፌ ፍለጋ ቢሄድ አልፈርድበትም፤ እኛም ሄደናል። አሥር ጊዜ ተወጋች። በወጣች ቁጥር ቀለል ይላት ነበር፣ ሌሊት ስትገላበጥ ግን ያው ነው። የወጣው ገንዘብ ከአንድ ወር ደሞዜ በልጧል።

ኪኒኖቹንም በተመለከተ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። የሚያደነዝዙት መድኃኒቶች ጠጠሩን ወደ ቦታው አይመልሱም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ እንዲያውም አንጎል ሚዛኑን እንደገና እንዳይለምድ ያዘገዩታል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ለቢፒፒቪ እንዲሁ በልማድ አትስጡ ነው የሚለው። ለሜኒየር በብዛት የሚታዘዘው ቤታሂስቲን በ2016 በታተመ ጥናት በ221 ሰዎች ላይ ሲፈተን ከባዶ ኪኒን አልበለጠም። መርፌውን በለካሁበት ሚዛን ኪኒኑንም ልለካው ይገባል።

ግን ሌላ መላ የለም? አለ እንጂ! ጸሐፊው አንድም ቦታ ስሙን አላነሱትም።

እናቴን ያዳናት አንድ ወጣት የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ሦስት ጥያቄ ጠየቃት፦ በየትኛው ጎን? ስንት ሰከንድ ይቆያል? መስማትሽስ ደህና ነው? ከዚያ አልጋው ላይ አስቀምጦ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዞረና በፍጥነት ወደ ኋላ አስተኛት። ዓይኗ መርገብገብ፣ መዞር ጀመረ። እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። እሱ ዓይኗን እያየ ይቆጥር ነበር። ይህ ምርመራ ዲክስና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች በ1952 የጻፉት ነው፤ ማሽን አይፈልግም፣ አልጋና ሁለት እጅ ይበቃዋል። ሲቆምላት ጭንቅላቷን ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረው፣ ጠበቀ። ከዚያ በግራ ጎኗ አስተኝቶ ፊቷን ወደ ወለል አስደፋት፣ ጠበቀ። አስነሳት። ደገመው። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በዚያች ሌሊት እናቴ በቀኝ ጎኗ ተኛች።

ይህ ኢፕሊ ይባላል። ጠጠሮቹን በገቡበት ቱቦ አዙሮ ወደ ቦታቸው ማንከባለል ነው። ያወጡት ጆን ኢፕሊ የሚባሉ የፖርትላንድ፣ ኦሪገን ሐኪም ናቸው። ባልደረቦቻቸው ለዓመታት አላመኗቸውም፤ ጭንቅላት እያዞሩ ማዳን የሚለው ነገር የማይሆን መስሏቸው ነበር። ጽሑፋቸው በ1992 ታተመ። ሌሎች ሞከሩት፣ ሠራ፣ ዛሬ በየአገሩ መመሪያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሕክምናው ዓለም ያልተለመደ ነገር አይቀበልም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ዘግይቷል፣ አዎ፤ ግን ማስረጃው ሲመጣ ተቀበለ።

የእናቴ ታሪክ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአንድ ሰው ነገር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ልጥቀስ። ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት፣ በ2014 ባወጣው ግምገማ 11 ጥናቶችን፣ 745 ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። በማስመሰያ ወይም ያለ ሕክምና ከቆዩት 21 በመቶው ማዞሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋላቸው፤ ኢፕሊ ከተሠራላቸው 56 በመቶው።

ጸሐፊው የተረኳት በሦስት ቀጠሮ የዳነች ሴት ታሪክም እዚህ ጋ ይፈታል። 21ዱን በመቶ ተመልከቱ። ኢፕሊ ሳይሠራላቸው የዳኑ ናቸው። ጠጠሮቹ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው የሚሟሙበት ወይም የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ሰሞን መርፌ የተወጋ ሰው መርፌው አዳነኝ ይላል፤ ጠበል የተጠመቀ ጠበሉ፣ ኪኒን የዋጠ ኪኒኑ። ሴትየዋ አልዋሸችም። ድናለች። በምን እንደዳነች ግን ከታሪኳ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ኢፕሊም ሁሉን አያድንም። ለቢፒፒቪ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ እናቴም ላይ አንዴ ተመልሷል፣ እንደገና ተሠራላት። አንገቱን ክፉኛ የሚያመው ሰው ሳይጠይቅ አይሞክረው። የመጀመሪያውን ደግሞ ቤት ውስጥ ከቪዲዮ እያዩ ከማድረግ ባለሙያ ጋ መሄድ ይሻላል፤ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ካልታወቀ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ጉዳት የለውም የተባለው ቀረኝ። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት መርፌ ከሆነ፣ መወጋቱ ራሱ ብዙም አያሰጋም። እንግሊዝ ውስጥ በ2001 የታተመ ጥናት ከ34,000 በላይ ሕክምናዎችን ተከታትሎ ከባድ ጉዳት አላገኘም። እስማማለሁ። የምፈራው መርፌውን አይደለም፤ በመሃል የሚባክነውን ጊዜ ነው። ስትሮክ ሆኖ ከተገኘ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ቀድመህ መርፌውን ሞክር የተባለ ሰው ያንን ጊዜ የት ያገኘዋል? ስትሮክ ባይሆንም አንዲት የ70 ዓመት እናት ለአሥር ሳምንት እያዞራት ስትመላለስ ብትወድቅና የዳሌ አጥንቷ ቢሰበርስ? ምንም አያሳጣም የሚለው ምክር ይህን አላሰበም።

ወገቡን ወይም ጉልበቱን አሞት መርፌ የሚወጋን ሰው አትሂድ አልልም። ማዞሩ ተመርምሮለት፣ ምንጩ ታውቆ፣ ለማቅለሽለሹ መወጋት ለሚፈልግም እንደዚያው።

ጸሐፊውን ግን አንድ ነገር ልለምናቸው። ጽሑፋቸው ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፤ ከእኔው ይልቅ የእሳቸው ይነበባል። ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ እነዚህን መስመሮች ይጨምሩልን፦ ማዞሩ ነገር ለሁለት ከመታየት፣ አፍ ከመተሳሰር፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከመጣመም፣ እጅ ወይም እግር ከመስነፍ ወይም ከመደንዘዝ፣ ድንገት ከመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ጨርሶ መቆም ካለመቻል ጋር ከመጣ፣ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጆሮ ድንገት መስማት ካቆመም አትቆዩ። ማዞሩ ስትገላበጡ የሚመጣና በሰከንዶች የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱና "ኢፕሊ ትሠራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።